ኳስ የመስጠትና የመቀበል ሥርዓት በቢቸና

ሰው በአፉ የሚሸጠውን ዕቃ አስቀድሞ በእጁ መያዙን ማረጋገጥ አለበት። ይህን ለሌላው ስመክር ኖሬ ራሴ ሳትኩትና የቢቸና ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ሆንኩ። በንግድ ብዙ ነገር ደርሶብኛል። በቅሎ ገደል ገብታብኛለች፣ በርበሬዬን ዝናብ መቶታል፣ የሸጥኩት ጌሾ አይደለም ተብዬ ዳኛ ፊት ቆሜያለሁ። ፊሽካ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለ ዕለት ግን ያ ሁሉ ቀላል መስሎ ታየኝ።

ነገሩ የተጀመረው ጠጅ ቤት ነው። ፈረንጁ አስተማሪ ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሄደ ወዲህ ልጆቹ ኳሷን አቅፈው ይውላሉ እንጂ ምን እንደሚያደርጓት የሚነግራቸው ጠፋ ብሎ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሲያዝን ሰማሁ። እኔ ሦስተኛዋ ብርሌ ላይ ነበርኩና፣ «የቅርጫት ኳስማ አዲስ አበባ ስንቱን አይቻለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ጨው ልጭን ሄጄ የመኪናው ጎማ እስኪለጠፍ ድረስ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ቀዳዳ ሩብ ሰዓት ያህል አይቻለሁ። ከዚያም ላይ ግማሹን ያየሁት የዘበኛውን ጀርባ ነው።

በማግሥቱ ዲሬክተሩ ሱቄ መጥቶ ፊሽካና ሥዕል ያለበት ቀጭን መጽሐፍ ሚዛኔ አጠገብ አስቀመጠ።

«ይህን ለምን አመጡልኝ?» አልኩት።

«ትላንት የነገሩንን ለልጆቹም እንዲነግሩልን ነው።»

«ትላንት እኮ ጠጥቼ ነበር።»

«እኛም ጠጥተን ነው ያመንንዎ። ዛሬ ግን ሌላ የሚያውቅ ሰው የለንም።»

ፊሽካውን ወሰድኩ።

ሜዳው የግራዝማች ጥሩነህ ነበር። ግራዝማች ሽማግሌ ናቸው፤ መሬታቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው አጭር ነው። ፈረንጁ አገር አቋርጦ መጥቶ ሲለምናቸው እንግዳ አይመለስም ብለው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለውን መሬት ፈቀዱለት። ልጆቹ ድንጋዩን ለቅመው፣ ጉድጓዱን ደልድለው፣ በሁለት ጫፍ የባሕር ዛፍ ግንድ ተክለው ሜዳ አደረጉት። እንግዳው ሲሄድ ግራዝማች የእንግዳው ነገር አብሮ የሄደ መሰላቸውና መሬቱን መልሰው ሊያርሱት አሰቡ።

ዲሬክተሩና እኔ ደጃቸው ቆመን ለመንን። ቢቸና ሜዳ ሞልቷታል፤ ሳይታረስ የሚያድር ግን የለም። ይህ ከተወሰደ ልጆቹ ሌላ ቦታ አያገኙም። ግራዝማች እስክንጨርስ ሰሙንና፣ «ከሞጣ ልጆች ጋር ልትጋጠሙ ነው አሉ» አሉ።

«አዎን ጌታዬ። ከዐቢይ ጾም በፊት።»

«እኔም እሄዳለሁ። በመሬቴ ላይ ምን እንደ በቀለ በዓይኔ አያለሁ። የበቀለ ነገር ካለ አልነቅለውም። ከሌለ በሬ ይገባል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ነጋዴው ምን አገባህ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ እኔም ራሴን ስጠይቅ ሰንብቼ ነበርና ፊሽካዬን ኪሴ ከተትኩ።

ልምምዱን ጀመርን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ከሥዕሉ በቀር ያልተጻፈ ያህል ነው። ሥዕሉ ላይ ሰዎችና ቀስቶች አሉ፤ ቀስቱ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ግን እንደ ገጠር መንገድ ለባለ አገሩ ብቻ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ከራሴ ሙያ ቆርጬ ሰፋሁላቸው። የጨው ጆንያዎች በመደዳ አቆምኩና ኳሷን እያነጠሩ በመካከላቸው እንዲሄዱ፣ በቀኝ እጅ ሄደው በግራ እንዲመለሱ አደረግሁ። ኳሷን አጎንብሶ ያየ እንደ ገና ይጀምራል። «ገበያ መሐል ኪሱን የሚዳብስ ሰው፣ ኪሱ የት እንዳለ ለሌባ እየነገረ ነው። ዓይናችሁ ወደ ፊት» እላቸዋለሁ። መከላከልን ያስተማርኳቸው የተሰጣ ተልባ ከዶሮ በመጠበቅ ነው። ጉልበት ሸብረክ፣ ክንድ ዘርጋ፣ እግር ሳይጠላለፍ ወደ ጎን ሸርተት፤ ዶሮዋን መምታት ግን ክልክል ነው። ወደ ቀለበቱ መወርወርን ደግሞ ከቅርብ አስጀመርኳቸው። አምስት ያገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያላገባ እዚያው ይቆማል። ቤቱን የሚያየው ያንን ከጨረሰ በኋላ ነው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ተለወጡ። እኔም ተለወጥኩ። ሱቄ ውስጥ በርበሬ እየመዘንኩ ጉልበቴን ሸብረክ ሳደርግ ደንበኞች ያዩኝ ጀመር።

ከሁሉ የበለጠው አስማረ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ኳስ ሲወረውር የወረወረ አይመስልም፤ ቆጥ ላይ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀለበቱ ውስጥ አስቀምጧት ይመለሳል። አባቱ ባለ እጅ ነው። ቀለበቶቹንም ከአሮጌ በርሜል ብረት ቀጥቅጦ የሠራልን እሱ ነው። በዚያ ዘመን በእኛ አገር የባለ እጅ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ባለ እጅ ዓይኑ ይበላል ይባላል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን ሠርቶ ሲሰጠን በደስታ እንቀበላለን፤ በዚያ ማረሻ ያረስነውን ስንበላ ግን አብሮን አይቀመጥም። እኔም እንደ ሰዉ ነበርኩ። ከሰዉ የምለየው በሚዛን ብቻ ነው።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ ሱቅ መጡ። መርሻ የሚባለው ተጫዋቻችን እናት ናቸው። ጨው ጠየቁ፣ ጨውን ቀመሱት፣ ጨው ሊገዙ እንዳልመጡ ግን ከአቋማቸው ያስታውቃል።

«ወንድሜ፣ ልጄን ሌሊት ሌሊት ያቃዠዋል» አሉኝ።

«ሩጫው አድክሞት ይሆናል።»

«ድካም ይኸን አያውቅም። 'ወዲህ በል፣ ወዲህ በል' እያለ ይነሣል። ከቀጥቃጭ ልጅ እጅ ይቀበላል አሉኝ።»

«ኳስ እኮ ነው የሚቀበለው እትዬ።»

«ኳስ ይሁን ዳቦ፣ እጅ ያው እጅ ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሌሎቹም እናቶች ልጆቻችንን እናስቀራለን እያሉ ነው። የግራዝማች የልጅ ልጅም አለበት አሉ። እሳቸው ቢሰሙስ?»

እውነታቸውን ነው። የግራዝማች የልጅ ልጅ ይሁኔ ከአምስቱ አንዱ ነበር። ልጆቹ ከቀሩ ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለ ሜዳው ይታረሳል። አስማረን ባስቀር ደግሞ ሞጣ ሄደን የምናሳየው አይኖርም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነጋዴ ዋጋ አይጠራም፤ የሌላውን ሐሳብ ይለካል።

«እትዬ፣ መርሻ ከእሱ እንዳይቀበል ነው የሚፈልጉት። ለእሱ ቢሰጠውስ?»

አሰቡበት። «መስጠትማ ጽድቅ ነው» አሉ።

በዚህች ቃል ላይ የአንድ ወር ሥልጠና ሠራሁ። ኳሷ ከይሁኔ ትነሣለች። ይሁኔ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለመርሻ፣ መርሻ ለአስማረ ይሰጣል። አስማረ ለሰው አይሰጥም፤ ለቀለበቱ ይወረውራል። ብረት ነክታ የወደቀችውን ማንም ቢያነሣ ከአስማረ እጅ ተቀበለ አይባልም። ያንን ብረት የቀጠቀጠው የአስማረ አባት መሆኑን ማንም አላነሣብኝ፤ እኔም አላስታወስኩ። መስመሩን ያፈረሰ ልጅ ግማሽ ጆንያ ጤፍ ተሸክሞ ሜዳውን ይዞራል። ሁለት ልጆች ከዞሩ በኋላ መስመሩ እንደ ቅዳሴ ቀጥ አለ። እናቶች ከአጥር ውጪ ቆመው አይተው መርቀውኝ ሄዱ። ብልህነቴ ለራሴም ገረመኝ።

አስማረ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ለማን ነው የምሰጠው?»

«ለቀለበቱ።»

«ቀለበቱ እንቢ ቢለኝስ?»

«ደግመህ ስጠው።»

በመልሴ ረክቼ ወደ ሱቄ ሄድኩ። የረሳሁት ነገር ቢኖር በዚያ ወር ሁሉ መስመሩን የሚቆርጥ ተቃራኒ አንድም ቀን አለማቆሜን ነው። በቅሎ ነጂ መንገዱን በሙሉ አስቦ ሽፍታውን እንደሚረሳው ማለት ነው።

ወደ ሞጣ የሄድነው በእህል መኪና ነው። ግራዝማች ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኛ ከላይ ጆንያ ላይ ነበርን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሁላችንም ወርደን ተሳለምን። ልጆቹ ምን እንደ ተሳሉ አላውቅም፤ እኔ የተሳልኩት ጨዋታው በዝናብ እንዲቀር ነው። የካቲት ነበርና ስለቴ አልተሰማልኝም።

ሞጣዎች እንግዳ ይወዳሉ። ይህን የምለው እንደ ምስጋናም እንደ ክስም ነው። ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው የሞጣ ተጫዋቾች እናቶች ልጆቻችንን አንድ ግቢ አስገብተው መሶብ ዙሪያ አስቀመጧቸው። «ልጆቹ ሊሮጡ ነው» ብል የሚሰማኝ ጠፋ። «በሞቴ» ይላሉ። አንዷ በሞቴ ስትል ሌላዋ «የእኔስ ሞት?» ትላለች። የቢቸና ልጅ ደግሞ በሞቴ ተብሎ እንቢ እንዲል አላደገም። አንድ ሰው ሊጋጠም የመጣን ቡድን በዱላ ከማባረር በጉርሻ ቢያስቀምጠው ይሻላል የሚል ሐሳብ የሞጣ እናቶች እንደ ነበራቸው ሳላረጋግጥ መናገር አልፈልግም።

በዚያ ግቢ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ስለ እሱ ስናገር ድምፄ ዝቅ ይላል። አስማረ እንደ ልማዱ ከመሶቡ ራቅ ብሎ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ነበር። አንዲት ደንደን ያሉ እናት ክንዱን ይዘው ከይሁኔና ከመርሻ መካከል አስቀመጡት። «ይኸ ረጅሙ ምነው አፈረ?» አሉና በእጃቸው ጠቅልለው አጎረሱት። ከዚያ በዚያው እጃቸው ይሁኔን አጎረሱ። ከዚያ እንደ ገና አስማረን። ሞጣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም። አምስቱ ልጆቻችን እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔንም አዩኝ። አንድ ቃል ብናገር ያቺ እጅ እዚያው ትቀር ነበር። ማንም አልተናገረም። አስማረ ያኝክ እንደሆነ እንጃ፤ ዓይኑ ከመሶቡ አልተነሣም። ይሁኔ ግን ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም።

ጨዋታው ተጀመረ። መስመራችን በመጀመሪያው ዙር እንደ ሠለጠነ የበቅሎ ጭፍራ ሄደና አስማረ ዘንድ ደረሰ፤ አስማረም ኳሷን ቀለበቱ ውስጥ አስቀመጣት። የሞጣ ሰው አጨበጨበ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ከሞጣ ልጆች አንዱ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ጮሌ፣ ቆም ብሎ አየን። እንዲህ ያለ አስተያየት ገበያ ላይ አውቀዋለሁ፤ ሚዛንህ ምን ያህል እንደሚሰርቅ የገባው ሰው አስተያየት ነው።

«ሁሉም ለረጅሙ ነው የሚሰጡት፤ ረጅሙ ለማንም አይሰጥም። ሦስት ሆናችሁ ክበቡት» አለ፤ ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም።

ከበቡት። ከዚያ በኋላ ኳሷ አስማረ ዘንድ ትደርሳለች፣ ሦስት ሰው ይከበዋል፣ እሱ ኳሷን ከራሱ በላይ ይዞ ይቆማል። ይሁኔ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ነው። መርሻ ብቻውን ነው። አንዱም እጁን አይዘረጋ፣ አስማረም አይሰጥ። በመጨረሻ ይነጥቁታል። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነልን። ከሁለቱ የከፋው ማዘኑ ነው።

እረፍት ላይ ግራዝማች አስጠሩኝ። በሬ ይገባል ሊሉኝ ነው ብዬ ቀረብኩ። ፊታቸው ፈካ ብሏል።

«ወድጄዋለሁ» አሉ።

«ምኑን ጌታዬ?»

«ሥርዓቱን። ማን ለማን እንደሚሰጥ ይታወቃል። ማንም ከቦታው አይወጣም። የሞጣዎቹን አየሃቸው? ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ አይለይም፤ እንደ ፍየል ይራኮታሉ። መሸነፉ ይሁን። እንዲህ እንደ ያዛችሁ ከጨረሳችሁ መሬቱ ይቆይላችኋል።»

ሜዳው ተገኘ ማለት ነው። ዋጋውም አልተወደደም፤ ልጆቹ እስካሁን እንደ ተሸነፉት አድርገው መሸነፋቸውን መቀጠል ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያለ ርካሽ ዋጋ አልተጠራልኝም። ወደ ልጆቹ ስሄድ እግሬ ግን እንደ ተሸከመ ሰው ይጎተት ነበር።

«ጋሼ፣ ምን እናድርግ?» አለኝ መርሻ።

«እንደ ለመዳችሁት።»

«ሲከብቡኝስ?» አለ አስማረ።

ዓይኑን አየሁት። ከዚያ ፊሽካዬን አየሁ። «እንደ ለመዳችሁት ነው ያልኩት» አልኩና ዞር አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አታልያለሁ። እንደዚያ ቀን ግን በዕቃው ፊት ያፈርኩበት ቀን የለም።

ከእረፍት መልስ በመጀመሪያው ዙር ኳሷ አስማረ ዘንድ ደረሰች፤ ሦስቱ ከበቡት። ከራሱ በላይ ይዟት ቆመ። ይሁኔ ከቀለበቱ ሥር ብቻውን ነበር።

«አስማረ፣ ስጠኝ» አለ ይሁኔ።

አስማረ አልሰማ ይሁን አላመነ አልንቀሳቀስ አለ። ግራዝማች ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። አስማረ ወደ እኔ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ይሁኔ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው። «ለእኔ ነው። ስጠኝ» አለ፤ አልጮኸም።

ሰጠው። ይሁኔ ተቀበላትና ወረወራት፤ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት የሚባል ነገር አላየሁም። መርሻ «ወዲህ በል» ሲል ሰማሁ። ሌሊት ያቃዠው የነበረውን ቃል ነው፣ አሁን ግን ነቅቶ። ሁሉም ለሁሉም ይሰጣል፣ ሁሉም ከሁሉም ይቀበላል። ሞጣዎች ማንን እንደሚከብቡ ጠፋቸው። አሸነፍን ብል ደስ ባለኝ፤ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ጉድጓዱን አስቀድሞ ቆፍሮልን ነበር። በአራት ነጥብ ተሸነፍን። ፍንጭቱ ልጅ መጥቶ አስማረን አቀፈው። እሱም የማን ልጅ እንደሆነ አላወቀም።

ግራዝማች ዱላቸውን ተመርኩዘው ጠበቁኝ።

«አንተ ነህ ያዘዝከው?»

«እኔ አይደለሁም ጌታዬ።» እውነት ነበር። እውነት በመሆኑም አፈርኩበት።

«ታዲያ ማን ነው ለልጄ ከቀጥቃጭ ልጅ ተቀበል ያለው?»

«ማንም አላለውም። ብቻውን ነው እጁን የዘረጋው።»

ግራዝማች ዱላቸውን ከመሬት ነቀሉ። «ሰኞ በሬ ይገባል» አሉ።

ስንመለስ ይሁኔን ወደ ጋቢና ጠሩት። ልጁ በሩ ድረስ ሄዶ ጎንበስ ብሎ፣ «አያባ፣ ከላይ ይነፍሳል፤ እዚያ እሆናለሁ» አለና ጆንያው ላይ ወጣ። ሾፌሩ ሳይጠየቅ ሞተር አስነሣ። እስከ ቢቸና ድረስ ግራዝማች አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ከላይ ግን ልጆቹ ይዘፍኑ ነበር። ስለ ሰኞ አልነገርኳቸውም። መጥፎውን ወሬ ከሥሬ እንዳለው ጆንያ ተቀመጥኩበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገርኳቸው። ማንም አላለቀሰም። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ግንዶቹን ነቅለው በትከሻቸው ተሸክመው ሱቄ ደጅ መጡ። አንዱን ግንድ ከፊት ይሁኔ፣ ከኋላ አስማረ ይዞታል። እትዬ ጥሩወርቅ ከበራቸው ሆነው እያዩ ነበር። መርሻ ሌላኛውን ግንድ ተሸክሞ በፊታቸው ሲያልፍ፣ «ቀስ በል፣ ትከሻህ» ብቻ አሉት።

ከሱቄ ጀርባ ሰፊ ግቢ አለኝ። የግቢውን ነገር የማያውቅ ሰው እንዳይስቅብኝ ላስረዳ። ገበሬ እህሉን ጭኖ ገበያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስበው አህያውን የት እንደሚያስር ነው። አህያው የታሰረበት ግቢ ባለቤት ጨው ይሸጥለታል፣ እህሉንም ይገዛዋል። እኔ የቢቸናን ነጋዴ የምበልጠው በምላሴ ሳይሆን በግቢዬ ነው። በገበያ ቀን ከእኔ ዘንድ አህያ ተጠጋግቶ ይቆማል።

የአስማረ አባት ድጅኖውን ይዞ ከልጆቹ ኋላ መጣ። የሱቄን ደጃፍ እንጂ ግቢዬን ረግጦ አያውቅም፤ በሩ ላይ ቆመ።

«ጌታው፣ የት ይቆፈር?»

«ግባ» አልኩት። ገባ። «አንዱ ከጎተራው ሥር ይሁን።»

ቦታውን በእግሩ ለካና ቀና አለ። «ሁለተኛውስ?»

ልጆቹ ግንዱን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ይጠብቃሉ። ከወዲያ በኩል የበሬዎቹ ነጂ ጅራፉን ሲያጮህ ይሰማል። ግቢው ውስጥ ለሁለተኛው ግንድ የሚበቃ አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

«እዚያ፣ ካስማዎቹ ካሉበት» አልኩ።

«አህያ የሚታሰርበት ነው እኮ። አህዮቹስ?»

«አህያ የትም ይታሰራል» አልኩት።

ይህ እውነት እንዳልሆነ በቢቸና ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ትንሽ ቆሞ አየኝና ድጅኖውን አነሣ።